ጠላን ጠርሙስ ከመሙላት በፊት የአልኮል ጥንካሬውን ማስተካከል፦ ስሌቱ፣ መለኪያውና ወሰኑ

ጠላ በጋን ውስጥ ሳለ ጥንካሬውን የምትወስነው ጠማቂዋ ናት። ድፍድፉ ሲበጠበጥ የሚጨመረው ውሃ ከበዛ ቀጠን ያለ፣ ካነሰ ጠንከር ያለ ጠላ ይወጣል፤ ውሃው እጅግ አንሶ በጨርቅ የሚጠለለው ደግሞ በከተማ «ፊልተር» በሚል ስም ይታወቃል። የመጀመሪያው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ በቀረው አተላ ላይ ዳግመኛ ውሃ ሲጨመር ቅራሪ ይገኛል። የተለመደው ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ ፊልተር ደግሞ ከ5 እስከ 6 በመቶ የሚሆን አልኮል እንደሚይዝ በብዛት ይጠቀሳል። ይህ ሁሉ ያለ መሣሪያ፣ በምላስና በልምድ የሚከናወን ነው። ጠላው በተጠለለበት ቀን ወይም በማግስቱ ስለሚጠጣም የግምቱ ስሕተት የከፋ መዘዝ አያስከትልም።

ጠላው በጠርሙስ ተሞልቶ ቆርኪ ሲደረግበት ግን ሁኔታው ይለወጣል። አንደኛ፣ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለጠጪው የተሰጠ ቃል ነው። ሁለተኛና ዋነኛው ነገር ግን ጠርሙሱ የታሸገ መሆኑ ነው፤ በውስጡ የሚቀጥለው ፍላት አልኮሉን ብቻ ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ይጨምራል፣ ጋዙም መውጫ የለውም። ስለዚህ ጥንካሬን ማስተካከል ሲባል በታሸገበት ሰዓት ያለውን አልኮል ብቻ ማስላት አይበቃም፤ ገና የሚመጣውንም አብሮ ማስላት ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ውሃ ለማቅጠኛነት ምን ያህል እንደሚያገለግል፣ ከውሃ ይልቅ ቅራሪን መጠቀም ለምን እንደሚሻልና የማስተካከያው ወሰን የት ላይ እንደሆነ ያስረዳል።

ያለውን ማወቅ

የማይታወቅ ጥንካሬ አይስተካከልም። ከብቅል በቤት በሚጠመቅ ቢራ ላይ የሚሠራበት የተለመደ ዘዴ በሁለት ንባቦች ላይ የተመሠረተ ነው። እርሾ ከመጨመሩ በፊት የጣፋጩ ፈሳሽ አንጻራዊ እፍግታ በሃይድሮሜትር ይነበባል፤ ፍላቱ ሲያበቃ እንደገና ይነበባል፤ ልዩነቱ በ131 ገደማ ሲባዛ በይዘት መቶኛ የተገለጸውን አልኮል ይሰጣል። ከ1.050 ተነስቶ 1.010 ላይ የቆመ ቢራ 5.2 በመቶ ገደማ አልኮል አለው ማለት ነው። በንባቡ ላይ የ0.001 ስሕተት ቢፈጠር ውጤቱን የሚያዛባው በ0.13 በመቶ ብቻ ስለሆነ ርካሽ ሃይድሮሜትርም ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ይህ ዘዴ ለጠላ አይሆንም። ምክንያቱ የመሣሪያ እጦት አይደለም፤ የጠላ አሠራር ራሱ «መነሻ» የሚባል ንባብ ስለሌለው ነው። ጌሾውና ብቅሉ ተጠንስሰው መፍላት ከጀመሩ በኋላ ቂጣው፣ አሻሮው ወይም እንኩሮው በየተራ ይገባል። በድፍድፉ ውስጥ የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠውና ስኳሩ ወደ አልኮል የሚለወጠው በአንድ ጊዜ ነው። ስኳሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ አልኮሉ ግን ገና ሳይጀምር የሚገኝበት ቅጽበት የለም። በዚህ ላይ ድፍድፉ በመጨረሻ በውሃ ይበጠበጣል። ስለዚህ የቢራውን ቀመር በጠላ ላይ ማዋል የማይገናኙ ሁለት ቁጥሮችን መቀናነስ ይሆናል።

መነሻውን ሳያውቁ አልኮልን የሚለኩበት ዘዴ ግን ከድሮም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ታባሪዬ ባስተዋወቀው ግንኙነት መሠረት፣ የአንድ መጠጥ እፍግታ ከውሃ እፍግታ የሚለየው በሁለት ነገሮች ነው፤ የሟሟው ነገር ወደ ላይ ይስበዋል፣ አልኮሉ ወደ ታች ይስበዋል። አልኮሉ በመፍላት ቢወገድና የጎደለው ይዘት በተጣራ ውሃ ቢሞላ የሚቀረው የሟሟው ነገር ድርሻ ብቻ ነው። አሠራሩም የሚከተለው ነው። 200 ሚሊ ሊትር ጠላ በማጥሊያ ወረቀት ይጠለላል፤ ጋዙ እስኪወጣ ይናጣል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እፍግታው ይለካል። ከዚያ ክዳን በሌለው ዕቃ ተፈልቶ ወደ ግማሽ ዝቅ ይላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በተጣራ ውሃ በትክክል ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይመለሳል፤ በዚያው ሙቀት እንደገና ይለካል። ከ1 ላይ ሁለተኛው ንባብ ተቀንሶ የመጀመሪያው ሲደመርበት የሚገኘው ቁጥር፣ ያንኑ ያህል አልኮል ብቻ የያዘ ውሃ ሊኖረው የሚችለው እፍግታ ነው፤ ጥንካሬው ከአልኮልና ውሃ ሠንጠረዥ ይነበባል።

ለምሳሌ የጠላው ንባብ 1.0080፣ ተፈልቶ የተሞላው ደግሞ 1.0145 ቢሆን ውጤቱ 0.9935 ነው፤ ይህም ወደ 4.5 በመቶ አልኮል ይሆናል። ከመፍላቱ በፊት መጥለሉ ግዴታ ነው፤ ተንሳፍፎ ያለው ዱቄት ሲፈላ ስለሚወፍር ሁለተኛውን ንባብ ያበላሻል። ጠላው የቆመጠጠ ከሆነ ከአልኮሉ ጋር የሚተነው አሴቲክ አሲድ ንባቡን በጥቂቱ ያዛባል፤ በመጠኑ ቤዝ አስቀድሞ ማርገብ ይቻላል።

የዚህ ዘዴ ድካም ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይስተዋል ያልፋል። በዚህ የጥንካሬ ክልል የ1 በመቶ አልኮል ልዩነት በእፍግታ ላይ የሚያሳየው ለውጥ 0.0014 ያህል ብቻ ነው። በየ0.001 ወይም በየ0.002 የተከፋፈለ የቤት ሃይድሮሜትር አንድ መስመር ቢሳሳት ውጤቱን በ0.7 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያዛባል፤ 4.5 የተባለው 3.8 ወይም 5.2 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለቢራው ቀመር የበቃው መሣሪያ እዚህ አይበቃም። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ አንገቱ ላይ ምልክት ያለው የ100 ሚሊ ሊትር የላቦራቶሪ ብልቃጥና 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ይበቃሉ። ብልቃጡ በውሃ፣ ከዚያም በፈሳሹ ተሞልቶ ሲመዘን የሁለቱ ክብደት ሬሾ እፍግታውን እስከ 0.0001 ድረስ ይሰጣል፤ የጥንካሬው ስሕተትም ወደ 0.1 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ማንኛውም የዲፓርትመንት ላቦራቶሪ ይህን ማድረግ ይችላል።

የሚመጣውን መቁጠር

ጥንካሬው ከታወቀ በኋላ ያለው ስሌት ቀላል ይመስላል። 6 በመቶ የሆነ 20 ሊትር ፊልተር ጠላ ወደ 4.5 በመቶ ዝቅ እንዲል ቢፈለግ፣ 20 በ6 ተባዝቶ ለ4.5 ሲካፈል 26.7 ሊትር ይሆናል፤ ስለዚህ 6.7 ሊትር ውሃ ይጨመራል። ውሃና አልኮል ሲደባለቁ የሚፈጠረው የይዘት መቀነስ በዚህ ጥንካሬ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ነገር ግን ጠርሙሱ ጋዝ ያስፈልገዋል። በቤት ሲታሸግ ጋዙ የሚገኘው በመጨረሻ ከሚጨመር ጥቂት ስኳር ነው፤ ስኳሩን እርሾው በጠርሙሱ ውስጥ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፍለዋል። በሊትር 17 ግራም ስኳር 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። ከአንድ ግራም ስኳር ደግሞ 0.51 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የጋዝ መጠን በተለምዶ የሚነገረው በ«እጥፍ» ነው፤ አንድ እጥፍ ማለት በአንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ የሟሟ አንድ ሊትር ጋዝ፣ ማለትም 1.96 ግራም ያህል ነው። የተለመደ ቢራ 2.4 ወይም 2.5 እጥፍ ይይዛል።

የፈላ መጠጥ ከመታሸጉ በፊትም የተወሰነ ጋዝ ይዞ ይቀራል። በ20 ዲግሪና በባሕር ጠለል ይህ ወደ 0.86 እጥፍ ነው፤ ከውጭ አገር የተገኙ የስኳር መጠን ሠንጠረዦችም በዚህ ቁጥር ላይ የቆሙ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ የሚቀረው ጋዝ 0.65 እጥፍ ገደማ ብቻ ይሆናል። ሠንጠረዡን እንዳለ የተጠቀመ ሰው ለስላሳ፣ ጋዝ ያነሰው ጠላ ያገኛል። የሚቀጥለው እርምጃ ስኳር በግምት መጨመር ሲሆን አደጋው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ምሳሌው እንደገና ይሠራ። የሚጨመረው ውሃ ጋዝ ስለሌለው በጠላው የነበረው 0.65 እጥፍ በድብልቁ ውስጥ ይሳሳል፤ የጎደለውን ለማሟላት ስኳሩ ይጨምራል፤ ስኳሩ ሲጨምር የሚመጣው አልኮል ይጨምራል፤ አልኮሉ ሲጨምር የሚፈለገው ውሃ ይጨምራል፤ ውሃው ሲጨምር ደግሞ ጋዙ ይበልጥ ይሳሳል። ክቡ ግን ቶሎ ይዘጋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሲሰላ ወደ 9.6 ሊትር ውሃና ወደ 7.5 ግራም ስኳር በሊትር ላይ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ድብልቁ ሲታሸግ 4.06 በመቶ ነው፤ ስኳሩ 0.44 በመቶ ይጨምርበትና በጠርሙሱ ውስጥ 4.5 ይሆናል፤ ጋዙም 2.4 እጥፍ ነው። በመጀመሪያው ቀላል ስሌት 6.7 ሊትር ብቻ ጨምሮ ለዚያው ጋዝ የሚበቃውን ስኳር ያስገባ ሰው ግን የሚያገኘው ጥንካሬ 4.5 ሳይሆን 4.9 በመቶ ነው። የሦስት ሊትር ያህል የውሃ ልዩነት የመጣው ከአሠራር ስሕተት ሳይሆን የሚመጣውን ካለመቁጠር ነው።

ውሃ የሚያመጣው ሌላ ነገር

ቢራን በመጨረሻ በውሃ ማቅጠን በቤት ብቻ የሚሠራ የችግር ዘዴ አይደለም። ትላልቅ የቢራ ፋብሪካዎች ጋኖቻቸውን በሚገባ ለመጠቀም ከሚሸጡት ጠንከር ያለ ቢራ ጠምቀው ከማሸጋቸው በፊት ወደሚፈለገው ጥንካሬ ያወርዱታል። ልዩነቱ በውሃው ላይ ነው፤ ፋብሪካው የሚጠቀመው ኦክስጅኑ የወጣለትንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተጨመረበትን ውሃ ነው። የታሸገ ቢራ በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም ያነሰ ኦክስጅን እንዲኖረው ይጥራል።

በአዲስ አበባ ከፍታ በ20 ዲግሪ አየር የጠገበ ውሃ በሊትር 6.8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 9.6 ሊትር እንዲህ ያለ ውሃ በ20 ሊትር ጠላ ላይ ሲፈስ ድብልቁ በሊትር 2.2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይደርሰዋል፤ ይህም ከፋብሪካው ወሰን ከ20 እጥፍ በላይ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው እርሾ ከዚህ የተወሰነውን ይወስዳል፤ በጠላ ግን እርሾ ብቻ አይደለም ያለው። ጠላ የእርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ድብልቅ ፍላት ነው፤ አየር ካገኙ ደግሞ አሴቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ ይለውጡታል። አየር የገባበት ጋን ጠላ ለምን እንደሚቆመጥጥ የሚያስረዳው ይህ ነው። ስለዚህ ጥንካሬን ለማስተካከል የገባው ውሃ ራሱ በኋላ ጥንካሬውን የሚሸረሽር ነገር ይዞ ይገባል።

ውሃውን አፍልቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ ማቀዝቀዝ አብዛኛውን ኦክስጅን ያስወጣል፤ ጀርሞቹንም ይገድላል። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ለዚህ ሥራ እንቅፋት አይሆንም። ማፍላት የክሎሪኑንም ሽታ ያስወግዳል፤ ይህ ደግሞ ለጠላ ከሌላ መጠጥ ይልቅ ያስፈልጋል። ጋኑ በወይራ ጭስ ስለሚታጠን ጠላው ከጭሱ የሚመጡ ፌኖሎችን ይይዛል፤ ፌኖልና ክሎሪን ሲገናኙ ደግሞ በጣም በጥቂት መጠን እንኳ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ውህድ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

ማፍላት የማያስወግደውም አለ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። ካልሲየም ባይካርቦኔት ሲፈላ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ የሶዲየሙ ግን እንደሟሟ ይቀራል፣ ፍሎራይዱም እንዲሁ። ባይካርቦኔቱ የጠላውን አሲድነት ያረክሳል፤ አሲድነቱ ደግሞ ከጣዕም በላይ የጎጂ ጀርሞች መከላከያ ነው። በአንድ እጅ አልኮሉን፣ በሌላ እጅ አሲዱን የሚያሳንስ ውሃ የመጠጡን ሁለት መከላከያዎች በአንድ ጊዜ ያዳክማል።

በመጨረሻም ውሃ የሚያቀጥነው አልኮሉን ብቻ አይደለም። በምሳሌው ላይ ከነበረው የጌሾ ምሬት፣ ከቀለሙና ከውፍረቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይሄዳል። ጠጪው «ውሃ ውሃ ይላል» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህንን እንጂ የአልኮሉን ማነስ አይደለም።

ቅራሪ እንደ ማቅጠኛ

ከላይ የተዘረዘሩት ችግሮች በአብዛኛው የሚመጡት ማቅጠኛው ያልፈላ ነገር በመሆኑ ነው። ቅራሪ ግን የፈላ ነው። በተከደነ ጋን ውስጥ ስለሚቆይ ኦክስጅኑን እርሾው ጨርሶታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠግቧል፤ የራሱ አሲድ፣ የራሱ የጌሾ ምሬትና የጭስ ሽታ አለው። ሐሳቡ በሌላ አገርም ያልታወቀ አይደለም፤ በእንግሊዝ የቆየ የጠመቃ ልማድ ከአንድ ብቅል ላይ የመጀመሪያውን ጠንካራና የሁለተኛውን ደካማ ፈሳሽ ለየብቻ ወስዶ በተለያየ መጠን በመቀላቀል የተለያየ ጥንካሬ ያላቸውን ቢራዎች ያወጣ ነበር። የእኛዋ ጠማቂ ሁለቱን ፈሳሾች በየቤቷ ታገኛለች፤ ያልተለመደው አንድ ላይ ማገናኘቱ ነው።

ስሌቱ ከውሃው ብዙ አይለይም፤ ማቅጠኛው የራሱ ጥንካሬ ስላለው በይዘት ብቻ ይበልጣል። ቅራሪው 2 በመቶ ነው ተብሎ ቢወሰድና ግቡ ያው በጠርሙስ ውስጥ 4.5 በመቶ ቢሆን፣ ድብልቁ ጋዙን ስለማያጣ የሚፈለገው ስኳር ወደ 6.7 ግራም በሊትር ዝቅ ይላል፤ እርሱም 0.39 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ድብልቁ ሲታሸግ 4.11 መሆን አለበት። ፊልተሩ ከዚህ በ1.89 ይበልጣል፤ ቅራሪው በ2.11 ያንሳል፤ 20 ሊትር በ1.89 ተባዝቶ ለ2.11 ሲካፈል ወደ 18 ሊትር ቅራሪ ይሆናል። በውሃ 29.6 ሊትር የነበረው ምርት በቅራሪ ወደ 38 ሊትር ይደርሳል ማለት ነው።

ቅራሪ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። አልኮሉ ዝቅተኛ ስለሆነ ከጠላው ፈጥኖ ይቆመጥጣል፤ የቆየ ቅራሪ ባክቴሪያውን ወደ ጥሩው ጠላ ያስተላልፋል። ያልጨረሰው ስኳርም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ጥቅም ላይ መዋል ያለበት ትኩስ፣ ጥንካሬው ከላይ በተገለጸው የማፍላት ዘዴ የተለካና እንደ ጠላው ሁሉ በጥንቃቄ የተጠለለ ቅራሪ ነው።

ወደ ላይ ማስተካከል

ጥንካሬን መጨመር ከመቀነስ ይከብዳል። አረቄ መጨመር በስሌት ደረጃ ቀላል ነው፤ 4 በመቶ የሆነን 20 ሊትር ጠላ ወደ 5 በመቶ ለማድረስ 40 በመቶ ከሆነ አረቄ 0.57 ሊትር ይበቃል። ይሁንና በቤት የወጣ አረቄ ጥንካሬው ከአንዱ ገምቦ ወደ ሌላው ይለያያል፤ የያዘው ሜታኖልና ከባድ አልኮሎችም በምላስ አይለዩም። ያልተለካን በልኩ ላይ መጨመር ማስተካከል አይባልም።

ሁለተኛው መንገድ ስኳር ነው፤ ለ1 በመቶ በሊትር 17 ግራም። ይህ ስኳር መግባት ያለበት በጋኑ ውስጥ ነው፤ ፈልቶ ማለቅ ያለበትም እዚያው ነው። የጥንካሬውን ስኳርና የጋዙን ስኳር አንድ አድርጎ ወደ ጠርሙስ ማስገባት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። 17 ግራሙ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ቢፈላ 4.4 እጥፍ ጋዝ ያወጣል፤ ከነበረው ጋር 5 እጥፍ ይሆናል። በ20 ዲግሪ የተለመደው ቢራ በጠርሙሱ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከውጭው አየር በላይ 2 አትሞስፌር ገደማ ሲሆን ይኸኛው ወደ 5 ይደርሳል፤ በሞቃት ክፍል ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የተመላለሰ፣ ገላው የተፋፋቀ ጠርሙስ ይህን ይችላል ብሎ መገመት አይገባም። የሚፈነዳ ጠርሙስ የሚያጠፋው ጠላ ብቻ አይደለም፤ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል።

ያልቆመ ፍላት

እስካሁን የቀረበው ስሌት ሁሉ ጠላው ሲታሸግ ፍላቱ አብቅቷል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ለብቅል ቢራ ይህ ግምት በአብዛኛው እውነት ነው፤ ፈሳሹ እርሾ ከማግኘቱ በፊት ስለሚፈላ የብቅሉ ኢንዛይሞች ይሞታሉ፤ ስኳሩ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። ጠላ ግን ከተደፈደፈ በኋላ አይፈላም። ቂጣውና እንኩሮው እሳት ያዩ ቢሆኑም ብቅሉ የሚገባው በጥሬው ነው፤ ስታርቹን የሚሰብሩት ኢንዛይሞቹም በሕይወት ይቀጥላሉ። በጠላው ውስጥ ተንሳፍፎ የቀረ ዱቄት ሁሉ ገና ያልመጣ ስኳር ነው፤ ስኳሩም ገና ያልመጣ አልኮልና ጋዝ ነው። ጉሽ ጠላ በጠርሙስ የማይቀመጠው ለዚህ ነው። በደንብ መጥለል ለመልክ ብቻ የሚደረግ የሚመስለው ካለ ጥንካሬውን የሚጠብቀው ዋነኛ ሥራ እርሱ መሆኑን መዘንጋት ነው።

የቀረውን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ሊታሸግ ከተዘጋጀው ጠላ ዝቃጩንም ሳይተው ግማሽ ሊትር ይወሰድና አየር ማስተንፈሻ ባለው ዕቃ፣ ጥቂት እርሾ ተጨምሮበት፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ለአንድ ሳምንት ይቀመጣል። ከመቀመጡ በፊትና በኋላ፣ በሁለቱም ጊዜ በወረቀት ከተጠለለ ናሙና ላይ እፍግታው ይለካል። በእፍግታ ላይ የ0.001 መውረድ 0.13 በመቶ አልኮልና ግማሽ እጥፍ ያህል ጋዝ ይሰጣል። በውሃ ሳይቀጥን ከ0.65 እጥፍ ተነስቶ 2.4 ለመድረስ ጠላው የሚያስፈልገው 1.75 እጥፍ ስለሆነ፣ ፈተናው የ0.003 መውረድ ካሳየ ጠላው ስኳር አይፈልግም፤ የራሱ ይበቃዋል፤ 0.4 በመቶ ያህል አልኮልም ገና ይጨምራል። የ0.005 መውረድ ካሳየ ደግሞ ጠላው ወደ ጋኑ ተመልሶ መቆየት አለበት እንጂ ለጠርሙስ አልደረሰም። መውረዱ ከ0.001 ያነሰ ሲሆን ብቻ ነው ከላይ ያለው የስኳር ስሌት እንዳለ የሚያገለግለው።

የታሸገውን በሙቅ ውሃ አቆይቶ እርሾውን መግደልም ይቻላል፤ የቢራ ፋብሪካዎች በ60 ዲግሪ አካባቢ ይህንኑ ያደርጋሉ። ለጠላ ግን ሁለት ነገር መታወስ አለበት። አንደኛ፣ የታሸገ ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ስለሚጨምር ሥራው መከናወን ያለበት ጋዙ ከመብዛቱ በፊት ወይም ጋዝ በሌለው ጠላ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከብቅሉ ኢንዛይሞች አልፋ አሚሌስ የሚባለው 60 ዲግሪን በቀላሉ ይቋቋማል። እርሾው ሞቶ ኢንዛይሙ ከቀረ ጋዝና አልኮል አይጨምሩም፤ ጠላው ግን ቀስ በቀስ ይጣፍጣል። ጥንካሬው በቁጥር ሳይነቃነቅ ጣዕሙ የሚለወጥ ጠላ የሚገኘው እንዲህ ነው።

በሙቀት ላልታከመ ጠላ የሚበጀው በተለያዩ ቀናት መለካትን መቀጠል ነው። ከእያንዳንዱ ሙሌት አንዱ ጠርሙስ ለለስላሳ መጠጥ በሚያገለግል የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞላል፤ ፕላስቲኩ በእጅ ሲጨመቅ የሚሰጠው የመቋቋም ስሜት በመስታወቶቹ ውስጥ ያለውን ግፊት ያመለክታል። ፕላስቲክ አየር ስለሚያስገባ ለረጅም ጊዜ ማቆያ አይሆንም፣ ለጠቋሚነት ግን ይበቃል። ጠርሙሱ ከደረቀ በኋላም እየጠነከረ ከሄደ የተቀሩት ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይወሰዳሉ፤ በሚቀጥለው ሙሌት ደግሞ የፈተናው ጊዜ ከአንድ ሳምንት ወደ ሁለት ይራዘማል።